ከኦማን ምሽግ የመጣው ግንበኛ

ኢሳይያስ በሃያ ሰባት ዓመቱ ኦማን የገባው ፎቅ ሊገነባ ነበር። አሠሪው ግን ባሕር ጠርዝ ላይ ወዳለ አሮጌ ምሽግ ለእድሳት ላከው። ጨው የበላውን ግድግዳ ሲያይ፣ «አፍርሰው አዲስ ቢሠሩ አይሻልም?» አለ።

ስድስት ዓመት ቆየበት። አለቃው ሳሊም የሚባሉ ኦማናዊ ሽማግሌ ነበሩ። የታችኛውን ግንብ ፖርቱጋሎች እንደጀመሩት፣ ክብ ማማዎቹን የአገሩ ገዢዎች በኋላ እንደጨመሩ፣ ድንጋዩ ከባሕር የወጣ ኮራል፣ የጣሪያው ተሸካሚም የቴምር ግንድ መሆኑን ነገሩት። ከበሩ በላይ ስላለችው ቀዳዳ ሲጠይቃቸው ሳቁ። «ጠላት በሩን ሲገፋ የፈላ የቴምር ማር የሚወርድበት ናት» አሉት።

አንዱን ጎን ቀደም ሲል ሌላ ተቋራጭ በሲሚንቶ ለስኖት ነበር። አንድ ቀን ከነልስኑ ተገንጥሎ ተናደ። ሳሊም ድንጋዩን ሲያሹት በእጃቸው ላይ ዱቄት ሆነ።

«ግድግዳው ያልበዋል» አሉ። «ሲሚንቶው አፈነው። ጨዉ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን በላው።»

ያን ጎን በኖራ መልሰው ገነቡት። ኢሳይያስ ኖራ ማቡካትን የተማረው ያኔ ነው።

በዲቪ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከመጣ ወዲህ ስለዚህ ሙያው የጠየቀው ሰው አልነበረም። ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ባለ የመቶ ዓመት አፓርትመንት ሜንተናንስ ተቀጥሮ አምፖል ይቀይራል፣ የተዘጋ ሲንክ ይከፍታል። ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ዓመቱ ነው።

አምና በጸደይ ከመሬት በታች ያለው የቤዝመንቱ ጡብ መፈርፈር ጀመረ። የምሥራች የምትባለው የሕንፃው ማናጀር ጠራችውና፣ «ጋሼ፣ ኮንትራክተሩ ሰኞ መጥቶ በሲሚንቶ ሊሸፍነው ነው። ዕቃውን ያንሱልኝ» አለችው።

ጡቡን በጥፍሩ ፋቀው፤ ነጭ ጨው ረገፈ። ዕቃውን አንስቶ ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም።

«ይሄ ጡብ በኖራ የተገነባ ነው» አለ። «በሲሚንቶ ከተሸፈነ ይናዳል። ሲናድ አይቻለሁ።»

«የት?»

«ኦማን። ምሽግ ስንሠራ።»

የምሥራች ሳቋ መጣ፤ ፊቱን ስታይ ግን ዋጠችው። «ታዲያ ለሕንፃው ባለቤት ምን ልበለው?»

«አንድ ግድግዳ ይስጠኝ በይው።»

የኢሳይያስ ሚስት አፀደ ስትሰማ ተቆጣች። «ቢበላሽ የሚያባርሩህ አንተን ነው! ምን አገባህ?»

የሕንፃው ባለቤት እያመነታ የሰሜኑን ግድግዳ ሰጠው፤ ሌላውን ኮንትራክተሩ ሸፈነው። ኢሳይያስ በጡቦቹ መካከል ያለውን የሞተ መጋጠሚያ በመሮ እያወጣ፣ ኖራና አሸዋ አቡክቶ ሞላው። ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ እያለበሰ አሥር ቀን ጠበቀው። እጁ ተላጠ። አንድ ቀን ጆንያውን ሲያነሳ መስመሩ ቀጥ ብሎ ስላየው ብቻውን ፈገግ አለ።

ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ሲሚንቶው አብጦ ተሰነጠቀ። የሰሜኑ ግድግዳ ደህና ነበር። ባለቤቱ ራሱ ወርዶ ሁለቱንም በመዳፉ ዳሰሰና የቀረውን በሙሉ ለኢሳይያስ ሰጠው።

ደስታውን ለሳሊም ሊነግር ኦማን ደወለ። ያነሳው ልጃቸው ነበር፤ አባቱ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ኢሳይያስ የደወለበትን ጉዳይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለልጁ ነገረው።

አሁን ጠዋት ጠዋት አምፖሉን ይቀይራል፤ ከሰዓት በኋላ የግንበኛ ማንኪያውን ይዞ ቤዝመንት ይወርዳል። አፀደ ኖራ የነካውን ልብስ ለብቻ ታጥባለች፤ ማጉረምረሟን ግን አልተወችም።