የንዱንጌ አራት መቶ ፕሮሰሰር

ናይሮቢ ባለው የአየር ትንበያ ማዕከል፣ ሳቋ ከሰውነቷ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ቢኖር ንዱንጌ ናት። ሥራዋ እንደ አንድ ማሽን እርስ በርስ የተያያዙ ኮምፒውተሮችን ጉልበት ማከፋፈል ነው፤ ለየሥራው ስንት ፕሮሰሰር እንደሚሰጥ የምትቆርጠው እሷ ናት። ተመራማሪ ደግሞ ዓይኑ አይጠግብም። አሥር የሚበቃው መቶ ይጠይቅና "ለማንኛውም ይኑር" ይላል። ንዱንጌ እንዲህ ያለውን ሰው ሳትሳለቅበት አታሳልፍም።

ያን ማክሰኞ ግን የራሷ የዝናብ ትንበያ ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ ላይ ተገትሮ ቀረ። እናቷ ከገጠር፣ ከማኩዌኒ፣ ሁለቴ ደውለዋል። አምና ዝናብ መጣ ብለው የበተኑት ዘር አፈር ውስጥ አሮ ቀርቷል። ዘንድሮ የተረፈቻቸው አንዲት ጆንያ ናት፤ ልጃቸው ሳትናገር አይነኳትም።

ንዱንጌ ዶክተር ሲሚዩ ቢሮ ዘው አለች። የሐይቅ ሞገድ የሚያሰላው የእሳቸው ሥራ የማሽኑን ግማሽ ይዟል።

"ዶክተር፣ በፈጠረዎት፣ ትንሽ ይልቀቁልን!"

"ሌላው ግማሽ ባዶውን ተቀምጦ? አንቺ ስንት ጠይቀሽ ነው?"

"አራት መቶ።"

"ያለው በሙሉ አራት መቶ አይደል እንዴ! የመጨረሻዋ ፕሮሰሰር እስክትለቀቅ ልትጠብቂ ነው? ታዲያ ሆዳሙ እኔ ነኝ?"

ንዱንጌ አፏን ያዘች። ቁጥሩን ያስገባችው ራሷ ናት፤ ለማንኛውም ይኑር ብላ! ሳቋ አፈናት። እየሮጠች ተመልሳ አራት መቶውን መቶ ሃምሳ አደረገችውና ላከችው። ትንበያው ከወረፋው ተስፈንጥሮ ሥራ ጀመረ። እሷም ወንበሯ ላይ እየተሽከረከረች እልል አለች፤ ያልሳቀባት የለም።

ከምሳ በኋላ ውጤቱ ወጣ። ስልኳን አነሳች።

"እማ፣ ዝሪ! ሐሙስ ማታ ይገባል፣ ገብቶም ይሰነብታል!"

ከወዲያ በኩል እልልታው ጆሮዋን ሊበጥሳት ደረሰ። የአንድ ሰው ድምፅ አይደለም።

"እማ፣ ማን አለ እዚያ?"

"መንደሩ ነዋ! 'የንዱንጌ ማሽን ሳይናገር ማንም ዘር እንዳይጥል' ብያቸው፣ ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ዶማቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል።"

ንዱንጌ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ደስታውም፣ 'ትንበያው ቢሳሳትስ?' የሚለው ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣባት። ስልኩ ሳይዘጋ ዶማዎቹ መሬት ሲመቱ ሰማች።