የእትዬ ደብሬ ጾመኛ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከተመደበችበት ከተማ ደወለች። «እማ፣ አለቃዬ በየቀኑ ምሳ ካልጋበዝኩሽ ይላል፤ ምን ብዬ ላምልጥ?» አለችኝ። አንድ መልስ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩትና «አልፈልግም በይው» አልኳት። በእሷ ዕድሜ ይህችን ቃል ማውጣት አቅቶኝ የሆንኩትን ግን አልነገርኳትም።

ከጎጃም ሰቆጣ ተመድቤ ስሄድ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የምንበላው እትዬ ደብሬ ቤት ነው፤ አራት ጠረጴዛ ያላት፣ ቀን ቀን ቆርቆሮዋ በፀሐይ የሚግል ትንሽ ምግብ ቤት። የፍየል ጥብሳቸው ሽታ ከመንገዱ ማዶ ሰው ይጠራል። ከሠራተኞቻቸው ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ እያወሩ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ እየቀለዱ ያበሉናል።

እዚያ ቤት ምሳ የሚበላው በአንድ ትሪ ተከቦ ነው። አለቃዬ ሁልጊዜ አጠገቡ ያስቀምጠኛል፤ ከዚያ ጉርሻው ይጀምራል። «ከእጄ ካልበላሽ ቅር ይለኛል» ይላል። ጉርሻ ደግሞ ማን ይመልሳል? ሰው ሁሉ እያየ አፌን እከፍታለሁ፤ ጣቶቹ ከንፈሬ ላይ ይዘገያሉ። የዝውውር ማመልከቻዬ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌላ ቤት ልግባ ብል ከተማዋ ስንት ቤት አላት?

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሁሉ ቢጫ በለበሰ ሰሞን፣ እንደ ልማዱ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋልኝ። «የጽጌን ጾም ይዣለሁ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። የፈቃድ ጾም ነው፣ አርባ ቀን፤ ጾመኛን ደግሞ ሥጋ ብላ ብሎ የሚያስገድድ የለም። እጁ አየር ላይ ቀረ። ጉርሻውን ራሱ ጎረሰው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ደስታው ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በማግስቱ እትዬ ደብሬ በር ላይ ጠበቁኝ። «ጾመኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል እንጂ ከእነዚህ ጋር በስድስት ሰዓት አይቀመጥም። ከእኔ ጋር ትበያለሽ» አሉኝ። በዘጠኝ ሰዓት ጓዳ አስገብተው የሱፍ ፍትፍት በማሽላ እንጀራ አቀረቡልኝ። ገና ሳልጎርስ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ በጾምሽ ሞላን አስቢልኝ።»

ሞላ የበኩር ልጃቸው ነው። ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ሊገባ ከወጣ አምስት ወሩ፤ ድምፁ አልተሰማም።

«እኔ ለምኜ ለምኜ ደከመኝ፤ የንጹሕ ልጅ ጾም ግን ይሰማል» አሉ። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲያ መውጫ አልነበረኝም። አንድ ቀን ለሥራ አምደወርቅ ስሄድ፣ እዚህ ማን ያውቀኛል ብዬ ጥብስ አዘዝኩ። መጣ፤ ቃሪያው፣ ሽንኩርቱ፣ ሁሉ ነገር። መጀመሪያውን ጠቅልዬ ላነሣ ስል፣ ይህን ብበላና ልጁ ባሕሩ መሐል ቢሰምጥስ? አልኩ። ሞኝ ብዬ ራሴን ሰደብኩ። ሰደብኩ እንጂ አልበላሁም።

በአርባኛው ቀን እውነቱን ልናገር ቆርጬ ገባሁ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ጾሙን የያዝኩት...» ስል አላስጨረሱኝም።

«ዛሬም አልደወለም» አሉ፤ «ቢሆንም አንቺ አለሽ ብዬ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኝ ጀምሯል።» እጄን ታጥቤ ለፍትፍቱ ተቀመጥኩ።

ገበታው ላይ እንደማልመቸው ሲያውቅ ነው መሰለኝ፣ አለቃዬ በታኅሣሥ ዝውውሬን ፈረመ። እትዬ ደብሬ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ነጭ ማር አሸከሙኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ በኩል «እስኪደውል ድረስ ጾሙን በየዓመቱ እንዳትተይብኝ» አሉኝ። «እሺ እትዬ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የጽጌን ጾም ሳልጾም ያለፍኩት ዓመት የለም። እህቶቼ ጻድቅ እያሉ ይቀልዱብኛል። ሰቆጣ ደውሎ ስለ ሞላ መጠየቅ ከባድ አልነበረም፤ የሚጠይቅልኝ ሰውም አላጣሁም። ደውሏል ቢሉኝ እፎይ ብዬ እተወዋለሁ። አልደወለም ቢሉኝስ? ያኔ በእኔ ውሸት ተስፋ ያደረጉትን እናት ምን እላቸዋለሁ? ስለዚህ አልጠይቅም። ዘንድሮም ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ።