የአባት ምልክት

ልጄ ሕፃን ልጇን የእጅ ምልክት ታስተምራለች፤ ሕፃኗ ትሰማለች፣ ግን ገና አፏን አልፈታችም። ጡጦውን እያሳየቻት ጣቶቿን ጨበጥ ፈታ ስታደርግ፣ እኔ በሐሳብ አምቦ፣ አክስቴ ጫልቱ ቤት እመለሳለሁ።

የአክስቴ ጆሮ አይሰማም ነበር። የሚሰማው ልጇ ቶሎሳም ከአፉ በፊት በእጁ ተናገረ። አገጩን ሲዳብስ «አባባ» ማለቱ ነው፤ አባቱ ጢማም ነበር። አባቱ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደም በኋላ ጠዋት ጠዋት አገጩን ይዳብሳል።

እዚያ ባደርኩበት አንድ ንጋት ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው መጡ። ጋቢያቸው በጤዛ ርሶ ይሸታል። በእጅ መናገር ግን አንዳቸውም አይችሉም።

«ልጁ ይንገራት» አለ አንዱ።

«በልጅ እጅ መርዶ አይነገርም» አሉ ጎረቤቷ አዴ ወርቄ። ከዚያ ለለቅሶ እንደሚለበሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አክስቴ ፊት ቆሙ።

አክስቴ ነጠላውን አየች። እጆቿ ጭኗ ላይ ወደቁ። ቶሎሳ ጉልበቷን ይዞ ቀና ብሎ እያያት አገጩን ዳበሰ። ደግሞ ዳበሰ። እጆቿ አልመለሱለትም።

«እማዬ፣ ‹አባት› በምልክት እንዴት ነው?» ትለኛለች ልጄ።

እጄ ወደ አገጬ ይነሳና መንገድ ላይ ይቀራል።