ብራናው ላይ የጨመርኩት ዕድሜ

መካነ ሰላም ውስጥ በወሬ የሚረታኝ የለም። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ትምህርቱ ከብዶኝ አይደለም፣ አስተማሪው እኔን መስማት ሰልችቶት ነው። አሁን ባጃጅ እነዳለሁ። ተሳፋሪው መውረጃው ደርሶ እንኳ ጨዋታዬ ስላላለቀ አይወርድም።

ጓደኛዬ ግን ሌላ ነው። ልጅ ሆነን ቄስ ትምህርት ቤት አብረን ገብተን፣ እኔ ሳቋርጥ እሱ ዳዊት ደገመ፤ ኋላም ደሴ ኮሌጅ ገባ። ዘንድሮ ሲመለስ ቤተ ክርስቲያን መሳም ተወ። "መጽሐፍ ቅዱስን ጳጳሳት ከንጉሥ ጋር ተሰብስበው፣ ይሄ ይግባ ያ ይውጣ ብለው የሠሩት ነው" ይላል። እናቱ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ሲተክዙ ሰነበቱ። አንድ ቀን ባጃጄን አስቆሙና፣ "ልጄ፣ እኔ መልስ አላውቅ። አንተ አፍ አለህ። ለፋሲካ እንኳ አብሮኝ ይቁም፣ መልስለት" አሉኝ።

"አብሽሩ እትዬ፣ ለኔ ተዉት" አልኩ።

መልሱን የት አውቄው። ቄስ አጎቴ ጋ ሄጄ ጠየቅኩ። ጳጳሳቱ ሳይሰበሰቡ በፊት ክርስቲያኑ አራቱን ወንጌልና የጳውሎስን መልእክቶች ሲያነብ ነው የኖረው፣ አሉኝ። አንዱ አገር የደረሰውን መልእክት ሌላው አገር ይቀዳዋል። ያመነቱባቸው ጥቂት መጻሕፍትም ነበሩ፣ ያንንም አልደበቁም። ኋላ ጉባኤ ቆጥሮ ያጸናውም ሲነበብ የኖረውን ነው። "ደግሞስ በየአገሩ፣ በየቋንቋው የተበተነን መጽሐፍ ማን ሰብስቦ ይለውጠዋል?" አሉ።

ይሄን ይዤ ባጃጅ ተራው ላይ ጓደኛዬን ገጠምኩት። ሹፌሮቹ ከበቡን።

"ስብሰባው ላይ ነበርክ እንዴ?" አለኝ።

"አልጠሩኝም እንጂ ቢጠሩኝ አልቀርም ነበር።"

ተሳቀ። ከዛ ያጎቴን ቃል እንዳለ ነገርኩት። ያ ልጅ በክርክር እጅ ሲሰጥ አይቼው አላውቅም። "የተበተነ ነው ያልከው... እሱስ እውነትህን ነው" አለ ቀስ ብሎ።

እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። ግን ሹፌሮቹ እያዩኝ ነው። "ወላሂ" ብዬ ማልኩ፤ የወሎ ልጅ ለወንጌልም በወላሂ ይምላል። "አጎቴ ደብር በሐዋርያት ጊዜ የተጻፈ ብራና አለ።"

"እንሂድና አሳየኛ" አለ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከወግዲ መንገድ ገባ ብሎ ወዳለው ደብር ወሰድኩት። አጎቴ ወንጌሉን ከጨርቁ ፈትተው ዘረጉለት። እሱ ግእዝ ያነባላ፤ በቀጥታ መጨረሻውን ገለጠ፣ ጸሐፊውና አስጻፊው "ጸልዩልን" የሚሉበትን። አነበበና ሳቀ።

"ይሄን ያስጻፈው ያንተ ቅድመ አያት ነው'ኮ። ከሐዋርያት ጋር ነው ያደገው?"

አጎቴ አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለሱ ግን አንድ ቅጠል ገልጠው የተፋቀ ቦታ አሳዩት፤ ከመስመሩ በላይ የቀረች ቃል በቀጭኑ ተጽፋለች። "አንዱ ከጥንቱ ያነባል፣ ሌላው አዲሱ ላይ ይከተለዋል። የተሳተው ይፋቃል፣ የቀረው ይገባል። ያም ከሌላ እንዲሁ የተቀዳ ነው" አሉት።

ቃሏን በጣቱ ተከትሎ አነበባት። ስንመለስ ግን ባጃጁ ውስጥ፣ "ከነገርከኝ የትኛው የእውነት፣ የትኛው ያንተ እንደሆነ አሁን በምን ልለይ?" አለኝ።

ከዛ ወዲህ በነሱ በር ማለፍ ከበደኝ። ተሳፋሪ ጭኜ እንኳ በላይኛው መንገድ እዞራለሁ። ያጎቴ መልስ ብቻውን በቅቶት ነበር፤ ያልጎደለውን ልሞላ ብዬ እኔ ደፋሁት።

የስቅለት ዕለት እናቱ ከስግደት ሲወጡ ያዙኝ። ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈዋል።

"መለስክለት?"

"መልሱስ ልክ ነበር፣ እትዬ። እኔ ጨመርኩበትና አበላሸሁት።"

"እኔ'ኮ ጨምርበት አላልኩህም" አሉና ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ወደ ቤታቸው ነዳሁ።

ጓደኛዬ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ፣ "ዛሬስ ስንት ዘመን ጨምረህ መጣህ?" አለ።

"ዛሬ ፍቄ ነው የመጣሁት።"

አልሳቀም፤ ግን ከመደቡ ላይ ጠጋ አለልኝ። እናቱ ሳይገቡ በሩ ላይ ቆመዋል። አጎቴ ካሉኝ ጀመርኩ፣ አጎቴ ያቆሙበት ላይም አቆምኩ።