የግቢያችን ግመል

ዩኒቨርሲቲው በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት የታሪክ መምህርት ሆኜ ተቀጠርኩ። በዚያው ዓመት ለስፖርት ውድድሩ መለያ እንስሳ ይኑረን ተባለና ግመል ተመረጠ። አዲስ ለገቡት ተማሪዎች የግመሉን ታሪክና ወግ እንዳስተምር ከቢሮ አንድ ገጽ ወረቀት ተሰጠኝ።

ገና ሳነበው አላመንኩትም። የግቢውን የመሠረት ድንጋይ ከቆቦ ሜዳ ተሸክሞ ያመጣው ነጭ ግመል ነው ይላል። ማን እንዳየው፣ ማን እንደተናገረው የለም። ቢሆንም አዲስ ተቀጣሪ ነኝና ዝም ብዬ ክፍል ገባሁ። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ከዋጃ የመጣች ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ይህን የጻፈው ሰው ግመል ሲጫን አይቶ ያውቃል?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አፈርኩ። ከክፍል ስንወጣ ጠርቼ ብጠይቃት፣ ግቢው ሲሠራ ከነግመላቸው ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌ ቆቦ ገበያ እንደማይጠፉ ነገረችኝ።

በገበያው ቀን ሄድኩ። ሽማግሌው ከከብት ተራው ጫፍ አንዲት ግመል አንበርክከው ቆመዋል። ሰላምታ ሰጥቼ ደብተሬን ስከፍት ፊታቸው ተለወጠ።

"ከቀበሌ ነሽ?"

"አይደለሁም አባባ፤ አስተማሪ ነኝ።"

"አስተማሪ በኔ ግመል ምን አገባው? መዝግባችሁ ልታስገብሩኝ ነው?"

ደብተሩን ዘጋሁት። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እናቴ የሮቢት ልጅ ናት ብላቸው፣ የሮቢት የቱ ጋ፣ ጎረቤቷ ማን ነበር እያሉ መረመሩኝ። ለካ አያቴን ያውቋቸው ኖሯል። ያን ጊዜ ድምፃቸው ለዘብ አለ፤ እኔም ወረቀቱ ስለ ነጩ ግመልና ስለ ድንጋዩ የሚለውን ነገርኳቸው።

"ወላሂ የኔ ግመል ድንጋይ አልጫነችም። ድንጋዩ በመኪና ነው የመጣው። ቧንቧ ሳይገባ ለግንበኞቹ ውሃ ያመላለሰች ግን እሷ ናት። ደግሞ መቼ ነጭ ሆና! እሷ ሞታለች፣ ይቺ ልጇ ናት።"

በአውቶቡስ ስመለስ እሳቸውንም መጠርጠር ጀመርኩ። የወዳጅ ልጅ ሆንኩባቸውና ደስ ሊያሰኙኝ ይሆን? ከግንባታው ጀምሮ የነበረውን ዘበኛ፣ የሰማሁትን ሳልነግረው፣ "ያኔ ግመሏ ምን ነበር የምትጭነው?" አልኩት።

"ውሃ ነዋ! በሩ ጋ ስትደርስ አልገባም እያለች ስንቴ አድርቃናለች።"

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወረቀቱ የሚለውንም፣ ሽማግሌው ያሉትንም ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ኃላፊዬ አስጠሩኝ። በሩን ዘጉና ትኩር ብለው አዩኝ።

"ማነው የላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም።"

"ታዲያ የቢሮን ጽሑፍ በተማሪ ፊት የምታፈርሺው ለምንድን ነው? ከጀርባሽ ሰው ከሌለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?"

"ነጩን ግመል እርስዎ አይተውታል?" አልኳቸው።

ወረቀቱን ከመሳቢያቸው አወጡ። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ማን እንደጻፈው እኔም አላውቅም። ለግቢው ምረቃ በዓል ሲባል ተጽፎ ነው የደረሰኝ" አሉና እስክሪብቶ አነሱ። ድንጋዩን ሰርዘው ውሃውን ጻፉ። "ነጭ" የሚለውን ግን አልነኩትም። ለውድድሩ የታዘዘው የጨርቅ ግመል ነጭ ሆኖ ተሰፍቶ አልቋል አሉኝ።

ትምህርቱን አራት ዓመት አስተማርኩ። የጨርቁን ግመል ሜዳ ላይ ሲያዩ ተማሪዎቹ ያጨበጭቡ ነበር፤ እኔም አጨበጭብ ነበር። ወረቀቱ ግን በየዓመቱ ከቢሮ ሲመጣልኝ፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አነበው ነበር፤ ሌላ ምን እንደተጨመረበት ለማየት።