ወደ ፔካ ዱዝ ስሄድ የወለቀው ሰንሰለት

ዛሬ ጠዋት ልጄ ብስክሌቷን ግቢ ውስጥ ገልብጣ ከሰንሰለቱ ጋር ስትታገል አየሁና ሻዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ብስክሌት ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። መፍቻውን ቀማኋት። የኋላ ጎማውን ዳዶ ሳላላ እጄን ዘይት ነካው፤ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ አንድ ዓርብ ትዝ አለኝ።

ያኔ እዚሁ ጅቡቲ፣ ጋቦዴ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ተቀጥሬ እዚያው እያደርኩ እሠራ ነበር። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ክፉው ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ነበር። አገሬ ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲወርድ፣ እዚህ እሱ አሸዋውን በመስኮት ያስገባል፤ እኔ እጠርጋለሁ፤ መልሶ ያስገባል። ወጥቼ የምተነፍሰው ዓርብ ብቻ ነው። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጥ ፈትያ የምትባል የሐረር ልጅ ወዳጅ ነበረችኝ። ዓርብ ዓርብ የወንድሟን ብስክሌት ታውሰኛለች፤ ማርሽ የሌለው፣ እንደ አህያ ግትር የሆነ ብስክሌት።

የዚያን ቀን ግን ለሽርሽር አልወጣሁም። የጭነት መኪና የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ከወደብ ጭኖ፣ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ከፔካ ዱዝ አመሻሹ ላይ ወደ ድሬዳዋ እንደሚነሣ ሰምቻለሁ። አብሬው ልሄድ ቆርጬ ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ ከኮርቻው ኋላ አሰርኩ። ለፈትያ ትንፍሽ አላልኩም። ብስክሌቱን እዚያው አንድ ሻይ ቤት ትቼ መልእክት ልልክባት ነበር ሐሳቤ።

ከከተማው ዳር ካለው ባልባላ ሰፈር ሳልደርስ ሰንሰለቱ ወለቀ። መለስኩት፤ ወለቀ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ የጫት ሰዓት ነዋ! በዚያ ሰዓት ሰማይ ቢደፋ ጅቡቲ ውስጥ የሚነሣ የለም። ብስክሌት ጠጋኙን ሮብሌን ያገኘሁት በሱቁ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ፣ ጉንጩ ተወጥሮ ነው። ድሬዳዋ ያደገ ስለሆነ አማርኛ ያውቃል።

«ጋሽ ሮብሌ፣ በአላህ! ወንድሜ ሊያመልጠኝ ነው።»

«መፍቻው ያውልሽ፤ ራስሽ ሥሪው። እኔ አሁን አልነሣም።»

ዳዶዎቹን አላልቼ ጎማውን ባለ በሌለ ጉልበቴ ወደ ኋላ ሳብኩና አጠበቅኩ። ሰንሰለቱ ቀጥ አለ። ፔዳሉን ባዞረው ጎማው አቃስቶ ቆመ። ሮብሌ ከተጋደመበት ሳቀ።

«ኮይ እንጂ! ሰንሰለትም ይተነፍሳል። መሀሉን በጣትሽ ጫን አድርጊው፤ ትንሽ እሺ ይበልሽ። ሽዊያ፣ ሽዊያ፣ ቀስ አድርጊው!»

ከንዴቴ የተነሣ መፍቻውን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። እንደገና አላላሁ፤ ጎማውን ወደ ፊት መለስ አደረግሁ፤ ሲጣመምብኝ አቃናሁ፤ በጣቴ ጫን አልኩት። ላቤ ዘይቱ ላይ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ጎማው ያለ ድምፅ ዞረ። እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

ፔካ ዱዝ ስደርስ ያ ሁሉ ጥድፊያ ለከንቱ ነበር፤ ወንድሜም መኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ እየቃመ ነው።

«ጋሽዬ፣ ውሰደኝ ልልህ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ግቢያ! ቦታ አለ።»

ፌስታሌን ፈታሁ። ሻይ ቤቱን አየሁ፤ ብስክሌቱን አየሁ። በገዛ እጄ ያበጀሁትን፣ ፈትያ አምናኝ የሰጠችኝን፣ ለማላውቀው ሰው ጥዬ መሄድ አቃተኝ።

«መጀመሪያ ይሄን ልመልስ።»

«እስክትመለሺ አልጠብቅሽም እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኩና ፌስታሉን መልሼ አሰርኩ።

ስመለስ አለቀስኩ። ከየቤቱ የዓሣ ጥብስ ይሸታል፤ ሰንሰለቱ ከሥሬ ድምፅ የለውም። ፈራሁ፤ ደስም አለኝ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተመላልሷል፤ ግቢ ብሎኝ ግን አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ሰዎች እዚህ ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቁኝ «ብስክሌት ልመልስ» እላቸዋለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል።

«እማዬ፣ አጥብቂውና ስጪኝ፤ ቸኩያለሁ» አለች ልጄ። «ኮይ እንጂ!» አልኳት፤ ጣቷንም ይዤ ሰንሰለቱ ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች። የት እንደምትሄድ አልነገረችኝም። ከኮርቻው ኋላ ምንም እንዳልታሰረ ግን አይቻለሁ።