አደራ የተቀበልኩበት በር

እርጥብ የሱፍ ሹራብ በሸተተኝ ቁጥር ያ የዝናብ ቀን ይመጣብኛል። ትናንት ማታቱ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ትንሽ ተማሪ ሹራቧ በዝናብ ርሶ ነበር፤ ሳላስበው ማን ይዟት እንደመጣ በዓይኔ ፈለግሁ። ይህ አመል የጀመረኝ ኬንያ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ነው፣ በሃያ ዓመቴ፣ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት አስተማሪ ሆኜ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት።

ምን ልበልሽ፣ ፈሪ ነበርኩ። ልጆቹ ሲያለቅሱ አብሬያቸው ላለቅስ ምንም አይቀረኝም። ዋና መምህሯ፣ መቆጣት የማታውቅ ኬንያዊት፣ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ነግራኝ ነበር፤ ስሙ መዝገብ ላይ ለሌለ ሰው ልጅ አይሰጥም።

ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ በሩ በወላጅ፣ በጃንጥላና በእርጥብ ሹራብ ሽታ ተጨናንቋል። አንዲት ሴትዮ በአማርኛ "እሰይ፣ የአገሬ ልጅ! አክስቱ ነኝ፤ እናቱ በዚህ ዝናብ ከምትንገላታ እኔ ልውሰደው" አሉኝ። ልጁም "አክስቴ!" ብሎ ተጠመጠመባቸው። የአገር ሰው ፊት መዝገብ ማገላበጥ ነውር መሰለኝ። ሰጠኋቸው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እናቱ መጣች።

"ልጄስ?"

"አክስቱ መጥተው ወሰዱት።"

"የቷ አክስት? እኔ እዚህ አገር እህት የለኝም!"

እኛ ዘንድ የእናት ወዳጅ ሁሉ አክስት መሆኗን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ዝናቡ ውስጥ ወጥቼ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ሮጥኩ፤ በቆመው ማታቱ ሁሉ መስኮት ትንሽ ፊት ፈለግሁ። የዚያን ጊዜውን ፍርሃት ዛሬም ለጠላቴ አልመኝም። በመጨረሻ የእናቱ ስልክ ጮኸ። ሴትዮዋ ጎረቤቷ ኖረዋል፤ ልጁ ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ ምግብ ቤታቸው ውስጥ ሽሮውን በልቶ ተኝቷል።

በማግስቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዤ ገባሁ። ዋና መምህሯ ሳትከፍተው ኪሷ ከተተችውና "ፖሌ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ ልጆቹን ተቀበዪ" ብላ በሩ ላይ አቆመችኝ፤ እሷም አጠገቤ ቆመች።

እናቱ መጣች። እኔን አልፋ የልጁን እጅ ለዋና መምህሯ ዘረጋች። ዋና መምህሯ ግን ሁለት እጇን ወደኋላ አጣመረች። "የምትቀበለው እሷ ናት" አለች።

እናቱ ትክ ብላ አየችኝ።

"አደራ" አለችኝ በመጨረሻ፣ የልጁን እጅ እጄ ላይ አኑራ። የልጁ መዳፍ ሙቅ ነበር፤ አጥብቄ ያዝኩት። ማታ ራሷ ልትወስደው ስትመጣ መዝገቡን ገልጬ "ስምዎን ይንገሩኝ" አልኳት። ሳትቀየመኝ እስከ አያቷ ነገረችኝ።

ዋና መምህሯ አምና አረፈች። ለቅሶ ስደርስ ልጇ ያጫወተችኝን ልንገርሽ። በሩ ላይ ባቆመችኝ ቀን እናቷ ከፍርሃት የተነሳ ምሳ እንኳ አልቀመሰችም፤ እስክንዘጋ ድረስ መስኮት ላይ ቆማ እኔን ስትከታተል ነበር የዋለችው። እኔ እኮ አስተማሪ ሆኜ የቀረሁት፣ የማትጠራጠረኝ መስሎኝ ነው።